አንድ መልህቅ፣ ሦስት ኬብል፦ በየካቲት 2016 ቀይ ባሕር ውስጥ የሆነው

ቅዳሜ፣ የካቲት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከባብ ኤል መንደብ ጥቂት ወደ ሰሜን፣ የመን ዳርቻ አጠገብ፣ የባሕሩ ወለል ላይ የተኙ የኢንተርኔት ኬብሎች ተበጠሱ። ሲኮም እና ኤኤኢ-1 የተባሉት ሁለቱ የጠፉት በደቂቃዎች ልዩነት ነው። ሦስተኛው፣ ኢአይጂ የሚባለው፣ ከተጎዱት ጋር ተቆጠረ። ሚሳይል አልነካቸውም፤ ጠላቂ ወርዶም አልቆረጣቸውም። ከቀረቡት ማብራሪያዎች ሁሉ ሚዛን የሚደፋው፣ ሠራተኞቿ ጥለዋት የወጡ አንዲት የጭነት መርከብ መልህቋን እየጎተተች ስትንሳፈፍ ያዘቻቸው የሚለው ነው።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ኢንተርኔት ምን እንደሆነ ከዚህ አጥርቶ የሚያሳይ ክስተት ስለማላውቅ ነው። ኔትወርክ ላይ የሚሠራ ሰው በሄደበት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፦ «ዛሬ ኢንተርኔቱ ምን ሆኖ ነው የሚጎተተው?» ጠያቂው ብዙ ጊዜ ወደ ሰማይ ያመለክታል። ኢንተርኔት ከሳተላይት የሚወርድ የሚመስለው ሰው አሁንም ብዙ ነው። እውነታው ግን ከአህጉር አህጉር ከሚያልፈው መረጃ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚጓዘው በባሕር ወለል ላይ በተዘረጋ የመስታወት ክር ውስጥ ነው። ክሩ ባለቤት አለው፣ የሚያልፍበት ቦታ ይታወቃል፣ ይበጠሳልም።

ስለ ጉዳዩ የምለውን ከመነሻው ልናገር። ኬብል ሲበጠስ አንዱ ተጠቃሚ ሳያውቀው ያልፋል፣ ሌላው ስልኩን ግድግዳ ላይ ሊወረውር ይደርሳል። ልዩነቱን የሚያመጣው ካርታው ላይ የተሣሉት መስመሮች ብዛት አይደለም። ሁለተኛው መስመር እውነት በሌላ ቦታ የሚያልፍ መሆኑና የሚመጣበትን ጫና የሚችል ባዶ ቦታ ያለው መሆኑ ነው። የየካቲቱ ጉዳይ ይህን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል።

ጥሪው የሚሄድበት መንገድ

አዲስ አበባ ያሉ እናት ፍራንክፈርት ያለ ልጃቸውን በቪዲዮ ደወሉ እንበል። ድምፃቸውና ምስላቸው ስልኩ ውስጥ ተቆራርሶ ወደ ትናንሽ ጥቅሎች ይለወጣል። አንዱ ጥቅል ቢበዛ 1,500 ባይት ያህል ነው፤ ላዩ ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ተጽፎበታል። በሴኮንድ ውስጥ መቶዎቹ ይወጣሉ። ያለ ሽቦ የሚጓዙት ከስልኩ እስከ ሰፈሩ ማማ ድረስ ያለችውን አጭር ርቀት ብቻ ነው። ከማማው በኋላ ያለው መንገድ በአብዛኛው ፋይበር፣ ማለትም ያ የመስታወት ክር፣ ነው። አንዳንዱ ከመሬት በታች ተቀብሯል፣ አንዳንዱ ከከፍተኛ ኃይል ኤሌክትሪክ መስመር ጋር አብሮ ተሰቅሎ ይሄዳል።

በየመጋጠሚያው ራውተር አለ። ራውተሩ ስለ እናትየዋም ሆነ ስለ ልጃቸው የሚያውቀው ነገር የለም። አድራሻውን ያያል፣ ሠንጠረዡን ያያል፣ «ይህ በዚያ በኩል» ብሎ ያሳልፋል። ወደ አውሮፓ የሚሄድ ጥቅል ከአገር የሚወጣው ባሕር ባላቸው ጎረቤቶቻችን በኩል ነው። ከእነሱም ዋናዋ ጅቡቲ ናት፤ በኬንያና በሱዳን በኩልም መውጫ አለ። የራሳችን የባሕር ዳርቻ ስለሌለን የኬብል ማረፊያ ጣቢያም የለንም።

የኬብል ማረፊያ ጣቢያ ከውጭ ሲያዩት እንደማንኛውም መጋዘን ነው። ባሕሩ ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ግን እሱ ነው። ብርሃኑ የሚነሳው ከዚያ ነው። በሺዎች በሚቆጠር ቮልት የሚለካ ኤሌክትሪክም በኬብሉ ውስጥ ባለ የመዳብ ቱቦ ከዚያ ይላካል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ ሲጓዝ እየደከመ ስለሚሄድ በየ60 እስከ 100 ኪሎ ሜትሩ የሚያበረታው ማጉያ ያስፈልጋል። ማጉያዎቹ እዚያው የባሕር ወለል ላይ ተቀምጠው ለሃያ አምስት ዓመት እንዲሠሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ መብራታቸውም የሚመጣው ከዳርቻ ነው።

ኬብሉን ቆርጠው መሐሉን ያዩ ሰዎች መጀመሪያ የሚገርማቸው ቅጥነቱ ነው። ጥልቅ ባሕር ላይ የሚዘረጋው ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ ጓሮ ለማጠጣት የምንጠቀምበትን የውሃ ጎማ ያህላል። ከውጭ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ከዚያ መዳብ፣ ከዚያ የብረት ሽቦ፣ በመጨረሻ መሐል ላይ በቅባት መሰል ነገር ውስጥ የተኙ እንደ ፀጉር የቀጠኑ በጣት የሚቆጠሩ ጥንድ መስታወቶች። የአገሮች ንግድ፣ የባንክ ክፍያ፣ የእናትና የልጅ ጨዋታ የሚያልፈው በእነዚያ ነው። ወደ ዳርቻ ሲቃረብ፣ መርከብና ዓሣ አጥማጅ በሚበዛበት፣ በወፍራም የብረት ሽቦ ደራርበው ያለብሱታል። ያም ቢሆን ቶን የሚመዝን መልህቅ አይቋቋምም።

ከጅቡቲ የተነሳው ኬብል በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ስሙ በዐረብኛ «የእንባ በር» ማለት ነው፤ ስፋቱ በጠባቡ በኩል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀይ ባሕርን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ ግብፅ ላይ ይወጣል፤ ኤኤኢ-1 ለምሳሌ የሚወጣው ዛፋራና ላይ ነው። የግብፅን በረሃ በየብስ አልፎ ሜዲትራኒያን ውስጥ ይገባና የፈረንሳይዋ ማርሴይ ላይ ያርፋል። ከዚያ ወደ ፍራንክፈርት ያለው የየብስ ጉዞ ነው።

ይህ ሁሉ 7,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ደርሶ መልሱን 14,000 ኪሎ ሜትር ብለን ብናካፍለው 70 ሚሊ ሴኮንድ ይመጣል። በየመንገዱ ራውተሮቹ የሚወስዱት ሲጨመርበት ትንሽ ከፍ ይላል። ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ስክሪን ጥግ ላይ ሁልጊዜ የማትዘጋ ትንሽ መስኮት አለች። አውሮፓ ያለ አንድ ሰርቨርን በየሴኮንዱ «አለህ?» ትለዋለች፣ መልሱ የፈጀውን ጊዜም በቁጥር ትጽፋለች። ዜናው ከመሰማቱ በፊት ያ ቁጥር ይናገራል። በሁለት አኃዝ የነበረው በአንዴ ወደ 200 ወይም 300 ሲዘል ጥቅሉ አሁን ሌላ ውቅያኖስ ላይ እንዳለ አውቃለሁ።

ሩቢማር

መርከቧ ሩቢማር ትባላለች። የቤሊዝ ሰንደቅ ዓላማ ታውለበልባለች፤ 21,000 ቶን ያህል ማዳበሪያ ጭናለች። እሑድ የካቲት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2024) ባብ ኤል መንደብ አጠገብ የየመን ሁቲ ታጣቂዎች በሚሳይል መቷት። ውሃ መግባት ጀመረ። ሃያ አራቱ ሠራተኞች፣ ሶርያውያን፣ ግብፃውያን፣ ፊሊፒናውያንና ሕንዳውያን፣ መርከቧን ጥለው ወጡ፤ ሌላ የንግድ መርከብ አንሥታቸው ጅቡቲ ደረሱ። ለእኛ ይህ የሩቅ ዜና አይደለም። የራሳችን ገበሬ የሚጠብቀው ማዳበሪያም በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው የሚገባው።

ሰው የሌለባት መርከብ ግን አልሰጠመችም። መልህቋ ወደ ባሕር ወርዷል። ሞተሯ የጠፋ፣ ግማሽ ጎኗ ውሃ የጠጣ መርከብ ነፋስና ማዕበል በገፋት አቅጣጫ መልህቋን ከታች እየጎተተች ሁለት ሳምንት ገደማ ተንሳፈፈች። የሄደችውም በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነው። ደቡባዊው ቀይ ባሕር ባብ ኤል መንደብ አጠገብ ጥልቀቱ ያን ያህል አይደለም፤ መልህቅ ወለሉን ያገኛል። ከወለሉ ላይ ደግሞ የእስያንና የአውሮፓን ንግግር የተሸከሙ ኬብሎች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ከአሥራ አምስት በላይ ኬብሎች ቀይ ባሕርን ያልፋሉ፤ ሁሉም በዚያ ጠባብ በር ማለፍ ግድ ይሆንባቸዋል።

ስድስተኛው ቀን ላይ ሲኮም ጠፋ፣ ደቂቃዎች ቆይቶ ኤኤኢ-1 ተከተለው። የኔትወርክ ትራፊክ የሚከታተሉ ባለሙያዎች የዚያን ሰዓት ልኬት ከሳተላይት ምስሎች ጋር አስተያይተው ሩቢማር በዚያ ሰዓት የነበረችበት ቦታ ኬብሎቹ ከሚያልፉበት ጋር እንደሚገጥም አሳዩ። እኔን ያሳመነኝ በተለይ የደቂቃዎቹ ልዩነት ነው። ሁለት ኬብል ሆነ ተብሎ ቢቆረጥ በየቦታቸው መሄድ፣ መፈለግ፣ መውረድ ይጠይቃል። በዝግታ የሚጎተት መልህቅ ግን አንዱን ይይዛል፣ ይሄዳል፣ ቀጣዩን ይይዛል። የአሜሪካ ባለሥልጣናትም ወደዚሁ አመለከቱ። ሁቲዎች ኬብል ሆነ ብለው ቆረጡ የተባለውን አስተባበሉ። ኬብሎቹን ያለሙ አይመስለኝም። መርከቧን የመቷት ግን እነሱ ናቸው።

ሩቢማር በመጨረሻ የሰጠመችው ቅዳሜ የካቲት 23፣ እኛ የዓድዋን በዓል ስናከብር በዋልንበት ዕለት ነው። ሁቲዎች የቀይ ባሕር ጥቃታቸውን ከጀመሩ ወዲህ የሰጠመች የመጀመሪያዋ መርከብ ሆነች።

ጥቅሎቹ የት ሄዱ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ለእኔ ግን ከመርከቧ ታሪክ የማይተናነስ ነገር አለ። ኬብሉ በተበጠሰበት ቅጽበት ለሁሉም አዲስ መንገድ የሰጠ አንድ የበላይ ቢሮ የለም። ኢንተርኔት አለቃ የለውም።

ኢንተርኔት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ራሳቸውን የቻሉ ኔትወርኮች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው፤ የኢትዮ ቴሌኮም ለምሳሌ 24757 ነው። በድንበራቸው ላይ ያሉት ራውተሮች ቢጂፒ በሚባል ቋንቋ ያለማቋረጥ ይነጋገራሉ። የሚሉት ቀላል ነው፦ «እነዚህን አድራሻዎች በእኔ በኩል ታገኛለህ፤ መንገዱም በእገሌና በእገሌ ነው።» ጎረቤት ሰምቶ ለጎረቤቱ ይነግራል፣ ያም ለሌላው። መንደር ውስጥ ድልድይ መሰበሩ የሚሰማውም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ያየው ለሚቀጥለው ይነግረዋል፣ ማታ ሳይሆን አገሩ ሁሉ በላይኛው መንገድ መሄድ ይጀምራል። ራውተሮቹ ግን ይህን በሴኮንዶችና በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሱታል።

ሲኮም ሲጠፋ በእሱ ላይ የነበሩት ራውተሮች «በእኔ በኩል አታገኘውም» ብለው የቀድሞ ቃላቸውን ሳቡ። ጎረቤቶቻቸው በእጃቸው ያለውን ቀጣይ መንገድ መረጡ። ጅቡቲ ላይ ከሚያርፉት መካከል ኤስኤምደብሊው-5 የተባለው ለምሳሌ ያን ቀን ከተበጠሱት ውስጥ አልነበረም። በሌላ አቅጣጫ ደግሞ በእስያ በኩል፣ ወይም አፍሪካን በደቡብ ዞሮ፣ አውሮፓ መድረስ ይቻላል።

ቢጂፒ መንገድ አለ ወይስ የለም የሚለውን ያውቃል። መንገዱ መጨናነቁን ግን አያውቅም። ሁሉም በአንዴ ወደ ተረፈው ኬብል ሲዞር ራውተሩ ወረፋ ይይዛል፣ ወረፋው ሲሞላ ትርፉን ጥቅል ይጥላል። የተጣለ ጥቅል እንደገና ይላካል፣ ያም ጭንቅንቁን ይጨምረዋል። የቪዲዮ ጥሪ ላይ የምናየው የቆመ ፊት፣ «ሰማህ ወይ? ሰማህ ወይ?» የሚያሰኘን መቆራረጥ የሚመጣው ከዚህ ነው። መንገድ ጠፍቶ አይደለም፤ መንገዱ ሞልቶ ነው።

ርቀቱም ሌላ ነገር ነው። አዲስ አበባን ከሞምባሳ፣ ሞምባሳን ከደቡብ አፍሪካ፣ ከዚያም በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ሽቅብ እስከ ፖርቱጋል ብንለካ 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ደርሶ መልሱ በስሌት 200 ሚሊ ሴኮንድ ነው፤ የቀድሞውን ሦስት እጥፍ ያህል። ኢሜይል ለሚልክ ሰው ይህ ምንም ማለት አይደለም። ፊት ለፊት ለሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች ግን አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው መናገር ይጀምራል፤ ንግግራቸው ይጋጫል፣ ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ እንደገና አብረው ይጀምራሉ።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ባለ ቀን «ዩቲዩብ ደህና ነው፣ የመሥሪያ ቤቴ ሲስተም ግን አልከፍት አለ» ይላል። እውነቱን ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ብዙ ሰው የሚያየውን ነገር ቅጂ ተጠቃሚው አጠገብ፣ በኦፕሬተሩ ቤት ወይም በጎረቤት አገር ባለ ሰርቨር ላይ ያስቀምጣሉ። ያ ቪዲዮ ባሕር አይሻገርም። አውሮፓ ውስጥ በተከራየ ሰርቨር ላይ ያለው የመሥሪያ ቤቱ ሲስተም ግን እያንዳንዷን ነገር በባሕር ማምጣት አለበት።

25 በመቶ የተባለው ቁጥር

ከሳምንት በኋላ ኤችጂሲ የተባለው የሆንግ ኮንግ ኩባንያ አራት ኬብል መበጠሱንና ቀይ ባሕር ላይ ካለው ትራፊክ 25 በመቶው መነካቱን አስታወቀ። ቁጥሩ በየዜናው ተደጋገመ። በርካታ ዘገባዎችም «የዓለም ኢንተርኔት ሩብ ተቋረጠ» ወደሚል ተንሸራተቱ። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ናቸው፤ ኩባንያው የገመተው በዚያ በር የሚያልፈውን ትራፊክ ነው። አራት የተባለውም ሦስት ኬብል ላይ ይወድቃል። በዚያ ስፍራ ሲኮምና ታታ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ቲጂኤን-ዩሬዥያ አንድ ኬብል የሚጋሩ ናቸው፤ ሁለት ስም፣ አንድ አካል።

ለእኔ ይህች ዝርዝር የጉዳዩ ዋና ትምህርት ያለባት ናት። አንድ ኩባንያ ከሲኮም ገዝቶ «ለጥንቃቄ» ብሎ ሁለተኛውን ከታታ ቢገዛ፣ ሁለት ውል ይፈርማል፣ ሁለት ክፍያ ይከፍላል፣ ግድግዳው ላይ ባለው ሥዕልም ሁለት መስመር ይሥላል። አንዲት መልህቅ ግን ሁለቱንም በአንዴ ትወስድበታለች። እንዲህ ያለውን ነገር በየብስም አይቻለሁ፦ ሁለት «የተለያዩ» መስመሮች አንዱ ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀብረው፣ መንገድ የሚሠራ ኤክስካቫተር ሁለቱንም በአንድ ጭረት አውጥቷቸው። ውሉ ላይ ያለውን ስም ሳይሆን ኬብሉ የሚያልፍበትን አፈር ነው መጠየቅ።

ወረቀቱ ከባሕሩ ይበልጥ ከበደ

በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ150 እስከ 200 የሚደርስ የባሕር ኬብል ጉዳት ይመዘገባል። አብዛኛው የሚደርሰው በዓሣ አጥማጆች መረብና በመርከብ መልህቅ ነው። ጥገናው የታወቀ ሙያ ነው። ከዳርቻው ጣቢያ ብርሃን ይለቀቃል፤ ስብራቱ ላይ ተመትቶ ሲመለስ የፈጀው ጊዜ ተለክቶ ቦታው ይታወቃል። የጥገና መርከብ እዚያ ትደርሳለች፣ መንጠቆ ወደ ወለሉ ታወርዳለች፣ ኬብሉን አጥምዳ አንዱን ጫፍ ወደ ላይ ታነሣለች። ጫፉ ይፈተሻል፣ ጤነኛ ከሆነ ታሽጎ በተንሳፋፊ ምልክት ላይ ይታሰራል። ከዚያ ሌላው ጫፍ ይነሣል። በሁለቱ መሐል አዲስ ኬብል ይገባል፤ የተጎተተ ኬብል እንደ በፊቱ ስለማይገጥምና ከወለል እስከ መርከቡ ወለል ለማውጣት ትርፍ ርዝመት ስለሚያስፈልግ።

መጋጠሚያው ላይ ሁለት ሠራተኞች ንጹሕ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ፀጉር የሚያህለውን መስታወት አንድ በአንድ ይገጥማሉ። ፕላስቲኩን ይልጣሉ፣ በአልኮል ይጠርጋሉ፣ ጫፉን በስለት ቀጥ አድርገው ይሰብራሉ፣ ማሽኑ ላይ ፊት ለፊት ያስቀምጡታል። ማሽኑ በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ ያዋህዳቸዋል። እኔ ይህን የማውቀው በየብስ ፋይበር ላይ ነው፤ አቧራ አንዲት ቅንጣት ብትገባ ሥራው እንደገና ይጀመራል። እነሱ ደግሞ የሚሠሩት በሚወዛወዝ መርከብ ላይ ነው። በሰላሙ ባሕር ይህ ሁሉ በቀናት ውስጥ ያልቃል።

ቀይ ባሕር ላይ ግን ወራት ወሰደ። የተበጠሱበት ቦታ የየመን የባሕር ክልል ነው። የመን ደግሞ በዚያን ጊዜ ሁለት መንግሥት አላት፤ ዓለም የሚያውቀው ኤደን ላይ፣ ሁቲዎች ሰንዓ ላይ። የጥገና መርከብ ፈቃድ የሚሰጠው የኤደኑ ነው፤ ሚሳይሉ ያለው በሰንዓዎቹ እጅ ነው። ጥገና ላይ ያለች መርከብ ለቀናት አንድ ቦታ ቆማ ትውላለች፣ ታድራለች። በጦርነት ቀጠና ውስጥ እንዲህ ላለ ሥራ ኢንሹራንስ የሚገባ ማን ነው? በስንት ዋጋስ?

የኤደኑ መንግሥት ለሲኮምና ለኢአይጂ ፈቃድ ሲሰጥ ለኤኤኢ-1 ግን ያዘው። ምክንያቱ የኤኤኢ-1 ባለቤቶች ማኅበር ውስጥ ቴሌየመን መኖሩ ነው፤ ቴሌየመንም እንደ አገሩ ለሁለት የተከፈለና ሰንዓ ያለው ክፍሉ በሁቲዎች ሥር የሆነ ድርጅት ነው። ማኅበሩ ከዚያኛው ወገን ጋር ሠርቷል ተብሎ ምርመራ ተከፈተ። በዚህ መሐል ከሆንግ ኮንግ እስከ ፈረንሳይ 25,000 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ኬብል በአንዲት ስፍራ ተበጥሶ ተኛ። እዚህ ላይ ማንንም መውቀስ ይቀላል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ፣ በዚያ ክርክር ጠረጴዛ ዙሪያ የአዲስ አበባ ወይም የናይሮቢ ተጠቃሚ የሚናገርለት ሰው አለመኖሩ ነው።

ግንቦት 4

ሲኮም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2009 ሥራ ሲጀምር የምሥራቅ አፍሪካን ዳርቻ በቀጥታ ከዓለም ያገናኘ የመጀመሪያው ትልቅ ኬብል ነበር። ከዚያ በፊት ኬንያና ታንዛኒያ በሳተላይት ነበር የሚገናኙት፤ ውድም ዘገምተኛም ነበር። ሲኮም ሰሜኑ ሲበጠስበት ደንበኞቹን በደቡብ በኩል፣ በደቡብ አፍሪካ ዞሮ፣ ማገልገሉን ቀጠለ። ይህ ትክክለኛ ሁለተኛ መንገድ ነው፤ በሌላ ባሕር የሚያልፍ።

እሑድ ግንቦት 4 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2024) ሲኮምና ኢሲ የተባለው ሌላ ኬብል ከደቡብ አፍሪካዋ ደርባን ከተማ በስተሰሜን በአንድ ቀን ተበጠሱ። የቀይ ባሕሩ ስብራት ገና አልተጠገነም። ከሁለት ወር በፊት፣ መጋቢት 5 ቀን፣ ኮትዲቯር አጠገብ አራት የምዕራብ አፍሪካ ኬብሎች ተበጥሰው ነበር። ስለዚህ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በሰሜንም በደቡብም በአንዴ ተያዙ። ታንዛኒያ ክፉኛ ተጎዳች። ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳ ተንገዳገዱ። በየካቲት ብዙ ሰው ሳያውቀው ያለፈው ጉዳት በግንቦት ነው በደንብ የተሰማው። ትርፍ መንገድ አንድ ጊዜ ያድናል፤ ያዳነው ካልተጠገነ ግን በሁለተኛው ጊዜ የለም።

ለእኛ፣ ባሕር ለሌለን፣ ይህ ስሌት ተጨማሪ ደረጃ አለው። ጅቡቲ ላይ ብዙ ኬብሎች ማረፋቸው እውነት ነው፤ ለአካባቢው ሁሉ መገናኛ ሆናለች። ከጅቡቲ ወደ አውሮፓ የሚሄዱት ግን ሁሉም በዚያው በር ነው የሚወጡት። በጅቡቲ ውስጥ ሦስት ኬብል መያዝ አንድ ዕጣ ፈንታን ሦስት ጊዜ መግዛት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በኬንያ በኩል ያለው የየብስ መውጫ፣ ወይም እንደ ዳሬ-1 ከጅቡቲ ተነሥቶ በሶማሊያ ዳርቻ ወደ ሞምባሳ የሚወርድ ኬብል፣ ካርታው ላይ ከሚመስለው በላይ የሚመዝነው። የሚሄዱት ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው።

በሩ ራሱ አልተለወጠም። ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚያው ባሕር፣ በጂዳ አጠገብ፣ ኤስኤምደብሊው-4ና አይኤምኢደብሊውኢ የተባሉ ኬብሎች ተጎድተው በእስያና በአውሮፓ መካከል ያለው ጉዞ እንደገና ረዘመ፤ ማይክሮሶፍት ደንበኞቹ መዘግየት እንደሚያዩ በይፋ ተናገረ። አፍሪካን የሚዞረው 45,000 ኪሎ ሜትር ያለው ቱአፍሪካ የተባለው ኬብልም ዋናው አካሉ መጠናቀቁ ሲነገር የቀይ ባሕር ክፍሉ ገና አልተያያዘም ነበር።

ኤኤኢ-1 የተጠገነው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024፣ ከተበጠሰ አምስት ወር ገደማ በኋላ ነው። የሠራው ኢ-ማሪን የተባለው የኤምሬትስ ኩባንያ ነው። ሁለቱ ጫፎች ተነሥተው፣ አዲስ ኬብል በመሐል ገብቶ፣ መስታወቶቹ ተገጥመው፣ መጋጠሚያው በብረት ታሽጎ ወደ ወለሉ ተመለሰ። ከማርሴይ የተነሣው ብርሃን ያን ቦታ አልፎ ወደ እስያ ሄደ። ሩቢማር አሁንም እዚያው ቀይ ባሕር ውስጥ ሰጥማ ተኝታለች።